በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ምስጋና

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ፲ ሰዓት፣ መቱ

ምሥጢሬን ሁሉ ተቀብለህ ለማንም ያላካፈልህ፣ ስጽፍብህ ያላቋረጥኸኝ፣ ስሰርዝብህም ያልታዘብኸኝ፣ ከወዳጆቼ ሁሉ ይልቅ ታጋሽ የሆንህ ክቡር ማስታወሻዬ ሆይ፤ ከቀበሌ ስብሰባ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ አንተ መጣሁ።

እንደ ወትሮው የነፃ ሕክምና ወረቀት ጠያቂዎች ቀረቡ። ኮሚቴው አቅም እንደሌላቸው ሲያምን ይፈርማል፤ ሆስፒታሉም በዚያ ፊርማ ያለ ክፍያ ያክማል፤ እኔም የተባለውን ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳላጎድል፣ በቃለ ጉባኤ አሰፍራለሁ።

ጎረቤታችን ወ/ሮ ጫልቱ ቀረቡ። ከሶር ደን ማር እየተሸከሙ ገበያ ያወጡ የነበሩ መበለት፤ እንቅርታቸው አድጎ ትንፋሽ ስለ ከለከላቸው መንገዱን ከተዉት ወራት ሆነ። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ለዓርብ ነው። ሊቀ መንበሩ ኑሮ እንዴት ነው አላቸው። «ገለታ ዋቃ፣ ምንም አልጎደለብኝም» ብለው፣ ፈጣሪን በኦሮምኛ አመስግነው መለሱ። ጻፍሁ። አቅም አላቸው ተብሎ ወረቀቱን ተከለከሉ።

ከኮሚቴው አንዱ፣ «ነጠላቸውስ ከእኔ ጋቢ አይነጣም?» ብሎ አሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ለምን ሣቅሁ?

ረቡዕ፣ ኅዳር ፱፣ ረፋድ

ነጠላው የባለቤቴ ነው። በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብላ አውሳቸው ኖሯል፤ ታጥቦና ተጣጥፎ ተመለሰ። ባለቤቴም ሣጥኑን ከወትሮው አጠንክራ ዘጋችው።

ወ/ሮ ጫልቱን በአጥሩ በኩል ጠየቅኋቸው፤ እውነቱን ስለ ምን አልተናገሩም? ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆየሁ።

«ያ ሁሉ ሰው ፊት ጎደለብኝ ልበል እንዴ፣ ጋሼ? ደግሞ እርስዎ አሉ ብዬ።»

ቁጣ የለባቸውም። ቢቆጡ በተሻለኝ።

እኔ ራሴ፣ ወገቤ ተይዞ ከወንበር መነሣት ባቃተኝ ሰሞን፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ስል የከረምሁ ሰው፣ የሌላውን ምስጋና የሀብት ማስረጃ አድርጌ በጥሩ እጅ ጽሕፈት አሰፈርሁት!

በዚያው ቀን፣ ፱ ሰዓት

ሊቀ መንበሩን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ቃሉ ይታረም ብዬ ለመንሁ። «ጋሼ፣ የጻፉት እርስዎ፣ የፈረምነው እኛ። የጸደቀ ሰነድ ይለወጥ የሚል ሰው ዛሬ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያውቃሉ» አለኝ። ፈገግ እያለ ነው። ፈገግታው ቤት ድረስ ተከተለኝ።

ተቀመጥሁ። ተነሣሁ። መጽሐፍ ገለጥሁ፤ አንድ ገጽ አራት ጊዜ አነበብሁ። ይቅር ልበል? እንቅርቱን ተሸክሞ የሚኖር ስንት ሰው አለ። ደግሞም ያልተጠየቀ ጸሐፊ አይናገርም።

ከአጥሩ ማዶ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፣ ማለዳ

ወሰንሁ። በሥራ መግቢያ ሰዓት ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ። ማመልከቻውን አስጊጬ ሦስት ጊዜ ጻፍሁ፤ ሦስቱንም ቀደድሁ። የምሰጠው ይህን ነው፤ ቅጂው አንተ ዘንድ ይኑር።

«ወ/ሮ ጫልቱ የተናገሩት ለሰላምታ የሚመለስ ምስጋና እንጂ ስለ ኑሯቸው የሰጡት ቃል አልነበረም። እጦታቸውን እያወቅሁ ዝም ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የለበሱትም የባለቤቴን ነጠላ ነው። የነፃ ሕክምና ወረቀታቸው ዛሬ እንዲፈረምላቸው እጠይቃለሁ።»