ያላሸተትኳት ልጅ

ሰኞ

ዛሬም ዋሸሁ። ጎረቤቴ ልጄን ሀዊን ከእጄ ወስዳ አናቷን ሳመችና "ውይ! ጠረኗ ራሱ ያጠግባል፣ አይደል?" አለችኝ። "በጣም" አልኳት። አምስት ወር ሙሉ "በጣም" ስል ከረምኩ። እውነቱን ለዚህ ደብተር ልንገረው፤ ልጄን አንድም ቀን አሽትቻት አላውቅም።

ልወልድ ሳምንት ሲቀረኝ የያዘኝ ጉንፋን አፍንጫዬን ይዞብኝ ሄደ። እኔ ደግሞ የምኖረው በአፍንጫዬ ነው። ሱሉልታ ወተት መረከቢያው ላይ ስድስት ዓመት ስሠራ፣ ክዳኑን ከፍቼ አንዴ ሳብ ካደረግኩ ላሟ ምን በልታ እንዳደረች፣ ዕቃው በወይራ በደንብ መታጠን አለመታጠኑን እናገር ነበር። አሁን በወሊድ ፈቃድ ላይ ስለሆንኩ እዚያ ማንም አያውቅብኝም።

ባሌ ገመቹም አያውቅም። አማቴም አያውቁም። የምታውቀው ዶክተር ሰላም ብቻ ናት፤ አዲስ አበባ ስለ ማሽተትና ስለ መቅመስ የምታጠና ሐኪም። ለጥናቷ ከመዘገበቻቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። አራት ብልቃጥ ሰጥታኛለች፦ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍ። አራተኛው ትልቅና ባዶ ነው። "የምትናፍቂውን ሽታ አንቺው ጨምሪበት" አለችኝ። ጠዋትና ማታ፣ እያንዳንዱን እስከ ሃያ እየቆጠርኩ አሸታለሁ። አፍንጫም እንደ ሕፃን ዳዴ ይማራል አለች።

ሀዊ በሚመጣው ወር ምግብ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ የጨቅላ ጠረን ይጠፋል ይላሉ ሰዎች። ዶክተሯን ጠየቅኳት። "እየተቀየረ ይሄዳል፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም" አለች። ያ ጠረን ሳይጠፋ አፍንጫዬ ይመለስ ይሆን? ቀኑን ሙሉ የማስበው ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ

ሎሚ፦ ምንም።
ቅርንፉድ፦ ቆንጠጥ አደረገኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ትዝ አለኝ፤ እሱ ማቃጠል እንጂ ሽታ አይደለም፣ በሌላ ነርቭ ነው የሚሰማው።
ባሕር ዛፍ፦ ቀዘቀዘኝ። በቃ።
የምሳ ሽሮ፦ ጨው፣ የቃሪያ ማቃጠል፣ ሙቀት። ምላስ ብቻውን ይህን ያህል ድሃ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አራተኛው ብልቃጥ ውስጥ የሀዊን ሸሚዝ ላደርግበት ነው። ሁለት ሌሊት ለብሳው ታድራለች፣ ሳይታጠብ ይገባል። ዛሬ ሁለተኛው ሌሊት ነው። ነገ ቀጠሮ አለኝ፣ ለዶክተሯ ላሳያት።

ረቡዕ

ሸሚዟን በፌስታል አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ልታጠብ ገባሁ። በዚያች ቅጽበት አማቴ ከጫንጮ ቅቤ ይዘው ደረሱ። ስወጣ ሸሚዟ በሳሙና ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

"ሸሚዙን ሐኪም ጋ ልወስደው ነበር እኮ፣ እማማ!"

"ታዲያ ቆሻሻ ጨርቅ ይዘሽ የተማረ ሰው ፊት ልትቀርቢ? ምን ይሉናል?"

ገመዱ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ስለ አንድ ሸሚዝ! ሴትዮዋ ደነገጡ፣ የሠሩት ጥፋት ምን እንደሆነ ግራ ገባቸው። ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አምስት ወር ብቻሽን?" አሉኝ። ሀዊን አቅፈው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። "ቆይ እኔ ልንገርሽ። አሁን የታለበ ወተት… አይ። ለጋ ቅቤ… እሱም አይደለም።" ደግመው አሸተቱ። "ልጅ ልጅ ነው የምትለው፣ ሌላ ምን ልበልሽ?" አሉና ተዉት። ቀናሁባቸው። በገዛ ልጄ አያት ቀናሁ።

ለገመቹ በስልክ ነገርኩት። "ለካ አምስት ወር ስለ ካልሲዬ ያልተናገርሽው ለዚህ ነው!" አለኝ። ሳቅኩ። ቀጠሮዬን ለሚቀጥለው ሳምንት አዛወርኩ።

ሐሙስ

ሌላ ሸሚዝ አለበስናት። አማቴ ዘብ ቆመውለታል፤ ሳሙና እንኳ አጠገቡ አያልፍም።

ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍ፦ እንደ ትናንቱ።

ናፍቆት ማለት የሄደን ሰው መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። የእኔዋ ደረቴ ላይ ተኝታ ነው የምትናፍቀኝ።

ዓርብ

ጠዋት ሀዊን ሳጠባ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ሸተተኝ! "የሚቃጠል ነገር አለ!" ብዬ ጮኽኩ። አማቴ ወደ ኩሽና ሮጡ፣ ምድጃውን ከሶኬት ነቀሉ፣ ምንም የለም። ሶኬቱን ሁሉ ዳበስን። ተመልሼ ሀዊን ሳነሳት ያው ሽታ መጣ። ከእሷ ነው። የተቃጠለ ጎማ፣ ከሥሩ የበሰበሰ ሽንኩርት።

አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን አስቀመጥኳት፤ ራቅ ብዬም ቆምኩ።

ዶክተር ሰላም ስልኩ ውስጥ እልል ማለት ነው የቀራት። "እንኳን ደስ ያለሽ! ነርቮቹ እየበቀሉ ነው። ሲያገግሙ መልእክቱን ያዛባሉ፣ ጥሩውን ሽታ መጥፎ አድርገው ያደርሱታል። ብዙዎች ላይ አይቼዋለሁ።" እስከ መቼ አልኳት። "ወራት ሊሆን ይችላል። ጨርሶ ላይስተካከልም ይችላል። አልዋሽሽም።"

እኔ የለመንኩት ይህን አልነበረም።

ቅዳሜ

ወተት እንደምመረምረው አድርጌ መረመርኩ። ጭንቅላቷን የተቀባችው ቅቤ ይሆን? ቅቤውን ለብቻው አሸተትኩ፣ ምንም። ሳሙናው፣ ምንም። ሎሚው፣ ምንም። ጠዋት ሸሚዟን የከተትኩበትን ብልቃጥ ከፈትኩ፤ ጎማ። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ የሚሸተኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ልጄ ናት።

ከሰዓት በኋላ አለቀሰች። አማቴ ሊያነሷት ሲሉ ቀደምኳቸው። ከአንገቷ እጥፋት ሳብ አደረግኩ። አፌን በእጄ ያዝኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደግሜ ሳብኩ።

"ስጪኝ በቃ፣ ያስታውክሻል" አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

"ትንሽ ይቆዩ፣ እማማ" አልኳቸው።