ዳማን የመታሁት እኔ ነኝ

እንጅባራ፣ መስከረም 22

ውድ ልጄ ፀደይ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ውሻሽ ዳማም ደህና ነው፤ ይህን ስጽፍልሽ ደጃፉ ላይ ተኝቶ ዝንብ ያባርራል። ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ ድንቹ አውርቼ ዘጋሁ። አንቺ "ደህና ነኝ አባዬ" ትያለሽ፣ እኔ "በርቺ" እላለሁ፣ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን ማምለጫ የለኝምና ገና ከጅምሩ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ዳማን የመታሁት እኔ ነኝ።

ለፋሲካ መጥተሽ ያየሽው ሁሉ፣ ገመድ ባነሳሁ ቁጥር ሽንቱን የሚለቀው፣ ባጃጅ ሲያልፍ አጥር ሥር ተወሽቆ የሚንቀጠቀጠው፣ የእኔ ሥራ ነው። "አባዬ፣ መትተውት ነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዓይኔን ሳላሽ "አልነካሁትም። የባጃጁ ድምፅ ነው" አልኩሽ። አመንሽኝ። ይባስ ብለሽ አንገቱን አቅፈሽ "ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ የኔ ጥፋት ነው" እያልሽ አለቀስሽ። እኔ ከጎንሽ ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ያ ሸክም ይወርድልሽ ነበር፤ ዝም አልኩ። በማግስቱ ዳማን ሳትይዢ ወደ ዳንግላ ተመለስሽ።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ታውቂዋለሽ። የዳንግላው መድኃኒት ቤት ሲቀጥርሽ አከራይሽ ወይዘሮ እህተማርያም፣ "በገመድ ተይዞ፣ ሰው ላይ ሳይዘል፣ ጸጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ውሻሽ ይምጣ፤ ግቢው ውስጥ ሕፃናት አሉ" አሉሽ። ዳማ ደግሞ ከጥሊሊ ገበያ በካርቶን ይዘሽው ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ የገዛ ጥላው የሚያስደነግጠው ውሻ ነው። የፈረስ ስም ያወጣሽለትም እኔ እንድወደው ብለሽ እንደነበር አይጠፋኝም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዳለማምደው፣ እንዳልጮህበትም ለመንሽኝ። እኔ ሳቅኩ። "ስንቱን እምቢተኛ ፈረስ የገራሁ ሰውዬ አንድ ውሻ ያቅተኛል? ለፋሲካ ነይና ውሰጂው" ብዬ ሸኘሁሽ።

እኛ አገር ድንጉጥ ፈረስ እንዴት እንደሚገራ አብረሽኝ አይተሻል። ከአሮጊት ባዝራ ጎን ይታሰርና አብሮ ይነዳል። መኪና ሲያልፍ እሷ ጆሮዋን እንኳ ስለማታንቀሳቅስ፣ እሱም ውሎ አድሮ ከእሷ ይለምዳል። እምቢ ካለ አለንጋው አለ። በአርባ ዓመት ውስጥ ሌላ መንገድ ተምሬ አላውቅም። ስለዚህ መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት ባዝራዬን ጫንኩ፤ የዳማን ገመድ ከኮርቻው ጋር አሰርኩና ወደ ዘንገና በሚወስደው አስፋልት ወጣሁ።

አስማረ ከማኅበራችን ፈረሰኞች ጋር መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። "ይሄነው፣ ኮርቻውንስ መቼ ነው የምትጭንበት?" ብሎ አሳቀብኝ። ሳቃቸው ሳያባራ ከሰል የጫነ መኪና ከኋላችን ጥሩምባውን ነፋው። ዳማ ባዝራዋ ሆድ ሥር ገባ። በመኪና የማትደነግጠው ባዝራ እግሯ መሀል በገባው ውሻ ደንግጣ ሽምጥ ጋለበች። እስካቆማት ድረስ ዳማ አስፋልቱ ላይ ተጎተተ። ሳየው የፊት እግሮቹ መዳፍ ተልጦ ይደማል።

ወርጄ ላነሳው ይገባኝ ነበር። ግን ሰዎቹ እያዩኝ ነው፤ ፈረስ ገሪው ይሄነው በውሻ ሲዋረድ። አለንጋዬን አንስቼ መታሁት። አንዴ ብቻ አልነበረም፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ነው። ያናደደኝ የአስማረ ሳቅ ነበር፤ አለንጋው ያረፈው ግን ዳማ ላይ ነው። ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ገመድና አለንጋ ይዤ መውጣቴን አልተውኩም፤ ቃሌን ለአንቺ ሰጥቻለሁና ፋሲካ እንዳይደርስብኝ እያልኩ።

አንቺ የሄድሽ ዕለት ጎረቤታችን እትዬ ወርቅአየሁ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ለካ ያን ቀን ከድንች ማሳቸው ሲመለሱ ሁሉንም አይተው ኖሯል።

"ልጅቷ ስታለቅስ ሰማሁ። ነገርካት?" አሉኝ።

"አልነገርኳትም።"

"እንግዲህ እሱን አንተና እግዜር ታውቃላችሁ። ውሻውን ግን እንዲህ አድርገህ አትተወውም።"

"ምን ላድርግ እትዬ?"

"አንተ ትጎትተዋለህ፣ እሱም ይጎትትሃል። ይሄ መቼም መንገድ አይሆንም። ገመዱን አላላለትና ቆመህ ጠብቀው። አለንጋህን ደግሞ ወዲህ በል።"

እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አስረከብኳቸው። እስከ ዛሬም እሳቸው ቤት ነው ያለው።

ከዚያ ወዲህ የሠራነውን ልንገርሽ፤ የምትቀጥዪው አንቺ ነሽና። ኪሴን በተቀቀለ ድንች ሞልቼ፣ መጀመሪያ ያለ ገመድ ከቀርከሃው አጥር ሳንወጣ ግቢ ውስጥ ብቻ መዞር ጀመርን። ከግራ ጉልበቴ አጠገብ ሲሆን ቁራሽ ድንች ይሰጠዋል፤ ሲርቅ ምንም የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄ ላይ አልበላም፤ መሬት ጥዬለት ዘወር ስል ነበር የሚያነሳው። ገመዱን ያሰርኩለት ሰኔ ላይ ነው። ከተወጠረ እቆማለሁ፤ ወደ እኔ ዞሮ ሲላላ እንሄዳለን። ከቤት እስከ እትዬ ወርቅአየሁ ደጅ ግማሽ ሰዓት የፈጀብን ቀን አለ። ዝናብ እየወረደብኝ መንገድ መሀል ተገትሬ ያየኝ ሁሉ "ይሄነው ለየለት" ይል ነበር። ባጃጅንም መጀመሪያ ቆሞ ሳለ ከሩቅ አሳየሁት፣ ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ቀጥሎ ሲያልፍ። ሲደነግጥ አልጎትተውም፤ ወደ ኋላ እንመለስና ከሩቁ እንደገና እንጀምራለን።

ሐምሌ ላይ ይመስለኛል፣ ግንባሩ ላይ ጭቃ ነበረና ልጠርግለት ቀኝ እጄን አነሳሁ። አንገቱን ሰብሮ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። እናትሽ ካረፈች በኋላ ምሳ ስታቀርቢልኝ ሳህኑን አስቀምጠሽ ወደ ኋላ ትዪ ነበር። ስታስታጥቢኝም ክንድሽን ዘርግተሽ ከሩቅ ነው። እኔም ለሰው ሁሉ "የኔ ልጅ አክባሪ ናት" እያልኩ ስኮራብሽ ኖርኩ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሽ ውርንጭላውን ሳታስሪው ቀርተሽ ጠፍቶ የዋለ ዕለት፣ በዚያው አለንጋ ምን እንዳደረግኩሽ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ረስቼው ነበር፤ መርሳቴ ራሱ ያሳፍረኛል። ለካ አክብሮት ያልኩት ፍርሃት ኖሯል። ያን ዕለት ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ዳማ ራቅ ብሎ ያየኝ ነበር።

ለቡሄ ሰፈሩ ሁሉ ጅራፍ ሲያጮኽ እኔና ዳማ መንገድ ላይ ነበርን። የመጀመሪያው ጅራፍ ሲጮኽ "አለቀልኝ፣ ገመዱን በጥሶ ይሄዳል" አልኩ። አልሄደም። መላ አካሉ እየተንቀጠቀጠ ግራ እግሬ ላይ ተለጠፈ። ከጅራፍ ድምፅ ሸሽቶ የተጠጋው የገረፈውን ሰው ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እንደዚያች ቅጽበት አፍሬ አላውቅም። ገመዱን ሳላጠብቅ ቀስ እያልን ወደ ቤት ገባን።

አሁን በገበያ ቀን በመሀል ከተማ ከጎኔ ሳይርቅ ያልፋል። አስማረ ራሱ አይቶት "ማን ገራልህ?" አለኝ። "እትዬ ወርቅአየሁን ጠይቅ" አልኩት።

አንድ የቀረኝ ኑዛዜ አለ። ዳማ ለአንቺ ለመሰጠት ከደረሰ ከወር በላይ ሆኖታል። ያዘገየሁት አውቄ ነው። እሱን ስትወስጂ ቤቱ ጭር ይልብኛል፤ እውነቱን ስነግርሽ ደግሞ አንቺም ጭራሽ እንዳትቀሪብኝ ፈራሁ። ሁለቱንም ለራሴ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ይህም ይታወቅብኝ።

ሚኒባስ ውሻ አይጭንም። ስለዚህ አርብ በማለዳ በእግራችን ተነሥተን አዲስ ቅዳም እህቴ ቤት እናድራለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳንግላ እንደርሳለን። ለወይዘሮ እህተማርያም አካሄዱን ራሴ አሳያቸዋለሁ። ለፋሲካ እንዲያ ሲንቀጠቀጥ የነበረውም አንቺ ትተሽው ስለሄድሽ ሳይሆን እኔ ስለመታሁት እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ሌላውን ሁሉ ባትቀበዪኝ እንኳ ይህችን ተቀበዪኝ ልጄ፤ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም።

በልጅነትሽ ስላደረግኩሽም ይቅር በዪኝ። መልሱን ቅዳሜ ስጪኝ አልልም፤ ከነጭራሹ ባትሰጪኝም አልቀየምም። ገመዱን በእጅሽ አስረክቤሽ "ይግቡ" ካላልሽኝ ከበሩ ላይ እመለሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ በሩን ከፍተሽ ስታዪኝ ልብሽ ከፈራ፣ ለአክብሮት ብለሽ እንዳትጠጊኝ። ባለሽበት ሁኚ። እኔ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ
ይሄነው