ራስ ዳሸንና የሐና ሽማግሌዎች

ለንደን፣ ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ጉልበቴን ቅባት ቀባሁ። የራስ ዳሸንን ፎቶ አቧራ ጠረግሁ። ዛሬ ሽማግሌ ይመጣብኛል፣ ማስታወሻዬ! ልጄን ሐናን ካማው የሚባል ኬንያዊ ሊያገባት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወድጄዋለሁ።

ማታ። የልጁ አባት ከቤ/ክናችን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ደንብ አክባሪ ሰው፣ ደስ አለኝ። ግን ፎቶውን አይተው፣ የእኛ የኬንያው ተራራ ይበልጣል አሉ። ፈገግ ብለው! በየዳ፣ ከዳሸን ግርጌ ለተወለድሁት ለእኔ! ደሜ ፈላ። ሥርዓቴን ግን አልለቀቅሁም። ልጅ በመጀመሪያ ጥያቄ አይሰጥም። ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ብዬ ሸኘኋቸው። አባቴም እህቶቼን ሲድር እንዲሁ ነበር። ኮራሁ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ። ሰውየው እምቢ ያልሁ መስሏቸዋል! በተራራው ነገር ተቀይሞ ከለከለን ብለዋል አሉ። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ሰውየው ደንቡን ያውቁታል ብለው ምንም አልነገሯቸውም። ሐና ታለቅሳለች። ደውልላቸው ትለኛለች። የሴት ልጅ አባት ደውሎ፣ ልጄን ውሰዱልኝ ይላል እንዴ? አልደውልም።

ጥቅምት 13፣ ኀሙስ

ስልኬ ላይ ቼክ አደረግሁ። እውነት ነው፣ የኬንያው ይበልጣል። ይብለጥ! እኛ በዚያ ብርድ ገብስ ዘርተን ያደግን ነን። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሴኪዩሪቲ ስሠራ ክረምቱን ማንም እንደኔ አልቻለውም። ፈረንጆቹ ሲንቀጠቀጡ እኔ ኮቴን ከፍቼ እቆም ነበር። የዳሸን ልጅ ነኛ!

ሐና ግን ከራት ቀርታለች። ካማው፣ የእኔ አባት ካልመረቀን ላገባሽ አልችልም ብሏታል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ ጧት

ባለቤቴ ፀሐይ ሻዩን አስቀምጣ፣ «ተራራ ከተራራ አይገናኝም፤ አንተም ተራራ ሆነህ ቅር!» ብላኝ ሄደች። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ አፈርሁ። ልጄ እኮ ናት!

ቆረጥሁ። ፊንስበሪ ፓርክ፣ ሰውየው ቤት እሄዳለሁ። ስልክ የለ፣ አማላጅ የለ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ እላቸዋለሁ። በየዳ ውስጥ የሴት ልጅ አባት ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ አያውቅም። የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ሐና ካፖርቴን ይዛ ቆማለች፣ አባዬ ባሱ መጣ እያለች። ሄድሁ።