ጾመኛዋ ታይፒስት

ረቡዕ፣ መጋቢት 26። ጠዋት 1፡40
መርፌዬን ተወግቼ መ/ቤት ገባሁ። ዛሬ ሃያ ሦስተኛው። የተወጋሁበት ጎን አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ቆሜ እንዳልውል ታይፒስት ነኝ። ደብተሬ፣ ይቺን የማወራው ላንቺ ብቻ ነው። የሳንባ ነቀርሳ የሚለውን ቃል እስካሁን ለማንም ከአፌ አላወጣሁም። ስቀጠር የጤና ምስክር ወረቀቴ ንጹሕ ነበር። ደም የተፋሁት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ታዲያ ማን ያምነኛል? የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀረው። እማዬ አምባ ጊዮርጊስ ሆና የኔን ደመወዝ ነው የምትጠብቀው። ቋሚ ስሆን እናገራለሁ። አሁን አልናገርም። አበቃ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
ዛሬም ለምሳ ጠሩኝ። እዚህ መ/ቤት አለቃ የለ፣ ዘበኛ የለ፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። በሽታዬን እንዳላስይዛቸው ብዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ እላቸዋለሁ። ውይይት ክበብ ላይ ካድሬው ስሜን ሳይጠራ "በኋላ ቀር ልማድ የታሰሩ ወጣቶች" እያለ አብጠለጠለኝ። እሱ ይጮሃል፣ ሆዴም ይጮሃል። ሳቄ መጣ። ሳቅ ከጀመርኩ ሳል ይከተላልና ዋጥ አደረግኩት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11
ጥሩወርቅ ጸልዪልኝ አለችኝ። እኔን! አንድ ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትተይብ ልጅ ናት፤ የስድስት ወር እርጉዝ። የመጀመሪያዋ ስለሆነ ፈርታለች። እንዳንቺ ያለ ጾመኛ አላየሁም፣ አንቺን ፈጣሪ ይሰማሻል ትላለች። እሺ አልኳት። ወይ ጉዴ! ያፈርኩት ማፈር።

እሁድ፣ ሚያዝያ 14። ፋሲካ
እማዬ ዶሮ ይዛ መጣች። ምነው እንዲህ ከሳሽ አለችኝ። ጾሙ ነው አልኳት። ሸጋ፣ ከእንግዲህማ እስከ ጰራቅሊጦስ እንደልብሽ ትበያለሽ አለች። ክው አልኩ። ሃምሳ ቀን ጾም የለም! ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ይቺን ሳላስብ ነው ለካ ጾመኛ የሆንኩት። አይ አንቺ ብልጥ! ነገ ምሳ ላይ ምን ልል ነው?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 15። ከሰዓት
ጠዋት መርፌ የሚወጉኝን ሽማግሌ ድሬሰር ጠየቅኳቸው። አያ፣ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ ብበላስ? ትሪው ምን አደረገሽ፣ በትንፋሽና በሳል ነው እንጂ አሉኝ። ከማን ጋር ነው የምትውይ? ክፍሉ መስኮት አለው?
አለው። ጥሩወርቅ ብርድ አትችልም፣ ሁልጊዜ ዝግ ነው።
አያ መርፌያቸውን አስቀመጡ። መድኃኒት ከጀመርሽ ወዲህ አደጋው ቀንሷል፣ ከዚያ በፊት ለነበረው ግን ልጅቱ መመርመር አለባት አሉ።
ያንን ሁሉ ጊዜ ትሪውን ከበሽታዬ ስጠብቅ! ሞኝ ነኝ፣ ሞኝ!
ምሳ ላይ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጥሩወርቅ ድርሻዬን በሳህን ይዛልኝ መጣች። እንኳን አደረሰሽ ብላ በእጇ አጎረሰችኝ። እንባዬ መጣ። የጾም መፍቻ ደስታ መሰላት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 16። ጠዋት 1፡50
ዛሬ ቀድሜ ገባሁ። ለኃላፊያችን ለጓድ አበራ ደብዳቤውን በራሴ ታይፕ መታሁ። ጉዳዩ፦ ሕመሜን ስለማሳወቅ። አንድ የፊደል ግድፈት የለበትም። ካባረሩኝ ያባርሩኝ። እማዬን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ግን ምን ላድርግ?
ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ከደረሰ እስከ ምሳ መ/ቤቱን ያዳርሳል። ጥሩወርቅ ከወሬ አትሰማውም። ትንፋሼን ስትስብ የከረመችው እሷ ናት፣ ቀድማ ከኔው አፍ ትስማ። ብትረግመኝም እውነቷን ነው።
መጣች። ደረጃውን እያረፈች ስትወጣ ይሰማኛል። ደብተሬ፣ ልዝጋሽ። ጥሩዬ፣ ልላት ነው፣ እዚያው በሩ ላይ ቁሚ፣ እንዳትገቢ፣ መጀመሪያ የምነግርሽ ነገር አለ...