«የስ» ያልኩት እኔ ነኝ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
ባስ አመለጠኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ አርፍጄ ገባሁ። የምንከባከባቸው ሚስተር ማርሎ በፒጃማ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብለዋል። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው። የዛሬ ስልሳ ምናምን ዓመት የሆሊውድ ኮከብ ነበሩ፣ ኮረዶች ሲኒማ ቤት በር ላይ ሸሚዛቸውን ይቀድዱባቸው ነበር። አሁን የሸሚዛቸውን ቁልፍ የምቆልፈው እኔ ነኝ።

ሳጥባቸው አወሩኝ። «ስሜን ስቱዲዮው አወጣው። ፀጉሬን ቀቡት። የሴት ጓደኛ እንኳ መርጠው ሰጡኝ፣ ጋዜጣ ላይ እንድንወጣ። ትፈልጋለህ ወይ ያለኝ የለም።» ደሜ ፈላ። ሰው ናቸው ወይስ አሻንጉሊት?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
ልጃቸው ሊንዳ በሚቀጥለው ሳምንት እዚሁ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል ልትወስዳቸው ነው። ለድሮ ፊልም አፍቃሪዎች ፎቶ ላይ ሊፈርሙ። እጃቸው ማንኪያ አይጨብጥም እኮ! «ኢፋት፣ አንቺ ንገሪያት። እኔን አትሰማኝም» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ከሰዓት ሊንዳ ኮል አደረገችልኝ። «አባዬ መሄድ አይፈልግም?» «የስ» አልኳት። «ግሬት!» ብላ ዘጋችው። ተገላገልን...

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18
ሊንዳ ሱፍና ዊግ ይዛ ከች አለች። ምን ጉድ ነው? «የስ ብለሽኝ የለ እንዴ!» ክው አልኩ። እኛ «አይፈልጉም?» ስንባል «አዎ» ካልን አይፈልጉም ነው። እነሱ ጋ ለካ «የስ» ካልሽ ይፈልጋሉ ነው! አሥራ አንድ ዓመት አሜሪካ ኖሬ... ላስረዳት ብል «አሁንማ ሰው እየጠበቀ ነው» አለች።

ሆቴሉ ውስጥ ሰው ተሰልፏል። አንዷ አሮጊት «ውይ፣ እንዴት አርጅተሃል!» ብላ ሳቀች። አንቺስ? እሳቸው እኔን እኔን ያያሉ። ሱሪያቸው ረጠበ። ጃኬቴን ጭናቸው ላይ ጣል አደረግኩ። ሊንዳ «ስማይል!» ትላለች። ወላሂ በጥፊ ባልኳት!

እሑድ፣ ኦክቶበር 19
ስቱዲዮውን ስረግም ከረምኩ። እኔስ? እኔም ስልኩን ለራሳቸው ሳልሰጥ በእሳቸው ቦታ መለስኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27
ሊንዳ ደወለች። ባልቲሞር ደግሞ ሌላ ፊርማ አለ አለች። «አይደክመውም አይደል?» አሁንስ በዛ! «እኔን አትጠይቂኝ። አባትሽ እዚሁ ናቸው» ብዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«አባዬ?»
«አልሄድም።»
«ሰዎቹ እኮ...»
«አልሄድም አልኩሽ!» ጮኹ። ስልኬን መትተው ጣሉት። ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ይሰንጠቅ!

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28
ከቀጠረኝ ኤጀንሲ ቴክስት መጣ። ቤተሰቡ ቅሬታ አቅርቧል፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሚስተር ማርሎ ቤት ተነስተሻል፣ ከነገ ሥራሽ ፎልስ ቸርች ከተማ ነው። አለቀስኩ። ተሳደብኩ። ደህና ሁኑ እንኳ አላልኳቸውም።

በእኔ ቦታ የገባችው ዕንቁ የምትባል ሐበሻ ናት። ቁጥሯን ፈልጌ ደወልኩላት። ባልቲሞር እንደማይሄዱ ነገርኳት፣ ራሳቸው ናቸው ያሉት አልኳት።
«እሺ እህቴ። ቁርስስ ምን ይወዳሉ?»
«እሳቸውን ጠይቂያቸዋ!» ብዬ ጮህኩባት።