በእኔ እጅ የተጻፈ እርቅ

እሑድ፣ ግንቦት 5 ቀን 2004 ዓ.ም.፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬ ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ከሁለት ቀን ነው። የዓይን ጠብታዬን ሁለት ጊዜ አድርጌአለሁ። ጭጋጉ አልለቀቀም። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከመስኮቴ አንድ ጥቁር ግንብ ሆኖ ይታየኛል።

ሌሊሴ እንደ ልማዷ ልታነብልኝ መጣች። የጎረቤቴ የአቶ በዳዳ ልጅ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። እሑድና ረቡዕ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የሰው ድምፅ የሚሰማው በእነዚያ ሰዓታት ብቻ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ዛሬ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ደገመችው። ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ አልደከመም አልኋት። አለቀሰች።

ነገሩ ይህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ ቢሮው ጠርቶ፣ በሩን ቆልፎ እጇን ያዛት። አስለቅቃ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ጽሑፏን አያነብላትም፤ ሦስት ጊዜ «ገና ነው» ብሎ መለሰባት። ያለ እሱ ፊርማ ምረቃ የለም። ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አመልክታ ለግንቦት 21 ተቀጥራለች። የክፍሏ ወንዶች ስታልፍ «በሩን ክፈቱላት፣ ተዘግቶ አትወድም!» እያሉ ይሳሳቃሉ።

ስሙን ጠየቅኋት። ዶ/ር ያሬድ። የእኔ ያሬድ! ያስተማርሁት፣ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፌ ለመምህርነት ያበቃሁት፣ በየበዓሉ ደጄን የሚረግጠው ብቸኛ ሰው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ደወልሁለት፤ ወዲያው መጣ። ትከሻዬን ስሞ ተቀመጠ። በመጀመሪያ ካደ። ድሮ በክፍል ውስጥ አደርግ እንደነበረው ትክ ብዬ ተመለከትሁት። በሩን መቆለፉን፣ እጇን መያዙን አመነ። «የኔታ፣ ሰው አይደለሁም እንዴ? አንድ ቀን ነው፤ እሷ አገነነችው» አለ። ሳቅም አለበት። አልወደድሁለትም። ግን ትዳሩ፣ ልጆቹ፣ እንጀራው ታዩኝ። የእኔም በዓላት ታዩኝ፤ ይህን ካንተ አልደብቅም።

ሽምግልና ይሻላል አልሁ። እሱ ይፈርም፣ እሷ ትመረቅ። አቶ በዳዳ ሲሰሙ እፎይ አሉ። እርሻቸው ሰፈር ከሆነባቸው ወዲህ የቀራቸው የልጃቸው ትምህርትና ስሟ ነው። ጉዳዩ አደባባይ እንዳይወጣ ብቻ ለመኑኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11፤ ከሰዓት በኋላ

እርቁ በእኔ ሳሎን ተፈጸመ። ሽማግሌዎች ሦስት፦ እኔ፣ ጡረተኛው ዳኛ ወዳጄ፣ የዕድራችን ሊቀ መንበር። ልጅቷ የተጠራችው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ይቅር በይ አልናት። «ጋሼ፣ እኔን እኮ ማንም ምንም አልጠየቀኝም» አለች ቆማ። አባቷ በኦሮምኛ ለስለስ አድርገው አንድ ነገር አሏት። አንገቷን ደፋች። ዳኛው «ዝምታ ፈቃድ ነው፤ በሉ አጨብጭቡ!» ብሎ አሳቀ። ያሬድ ተነሥቶ ጉልበት ሳመ፦ የእኔን፣ የዳኛውን፣ የአባቷን። ወደ እሷ አልዞረም።

ወረቀቱን እኔ ጻፍሁ። «በመካከላቸው የነበረው አለመግባባት በሽማግሌ ፊት በሰላም ተፈጽሟል።» ያማረ ዐረፍተ ነገር ነው። ሦስታችን ፈረምን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 15፤ 11 ሰዓት

ሌሊሴ አልመጣችም። እሑድም ቀርታ ነበር። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞርሁ፤ ወደ ቦታው መለስሁ። ራዲዮ ከፈትሁ። ዘጋሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 17

ለመድኃኒት ጉርድ ሾላ ወርጄ በታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ስጠራት ዘወር አላለችም። ሰው ገፍቶኝ ስንገዳገድ ግን ከሰልፉ ወጥታ ክንዴን ያዘች፤ መንገዱን አሻገረችኝ። አትቆጣም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያሬድ ወረቀቴን ለኮሚቴው ሰጥቷል። ሰብሳቢው ጠርቶ፣ ከታረቅሽ ምን ቀረሽ አላት። በቀጠሮው ቀን ሊዘጉት ነው። ያሬድ እንዲሁ ያስቸገራቸው ሁለት ሴቶች ሊመሰክሩላት ነበር፤ ወረቀቱን አይተው ቀሩ። ጽሑፏ አልተፈረመም። ጭራሽ ያሬድ ደረጃው ላይ አስቁሟት «እንግዲህ ታርቀናል፤ አሁን ደግሞ ምን ያሸሽሻል?» አላት።

«የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ ነው ያመኑት፣ ጋሼ» አለችኝ። ወደ ሰልፉ ተመለሰች። ቦታዋ ተይዞ ነበር።

በዚያው ቀን፣ ማታ

ልጽፈው የማልወደው ነገር። ወጣት መምህር ሳለሁ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ ስለ ባልደረባዬ እንዲህ ያለውን ነገረችኝ። ልጄ፣ ስምሽን ጠብቂ፤ ቻል አድርጊው አልኋት። አመስግናኝ ወጣች። በሚቀጥለው መንፈቅ አልተመዘገበችም። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ስሟን ይኸው ስፈልግ ዋልሁ። ስንት ቅኔ በቃሌ ይዤ ስሟ ጠፋኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 19

ከዳኛው ጋር እንጦጦ ራጉኤል ወጣን። ከቅጥሩ ሥር ዐረፍ እንዳልን ለኮሚቴው እውነቱን ልጽፍ ነው አልሁት። በከዘራው መሬቱን መታ። «ሽማግሌ በእርቅ የሰማውን አደባባይ አያወጣም፤ ከእንግዲህ ማን ይጠራሃል?» ማንም። ለብቻው ቁልቁል ወረደ።

ለያሬድ ነግሮታል። ቤት ስገባ ደወለ። «አባቴ ናቸው ብዬ የነገርኩዎትን፣ የኔታ?» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ከልቡ ነው። ያስቸገረኝም ያ ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

የማን ምሥጢር ነው የምጠብቀው? ልጅቷ ስንመክር አልነበረችም።

ሰኞ፣ ግንቦት 20

በዓል ነው፤ መ/ቤቱ ሁሉ ዝግ። ራዲዮው ከማለዳ ጀምሮ ሰልፍ ያሰማል። አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁ፤ ዐረፍተ ነገሩን ማሳመር እየጀመርሁ። በአምስተኛው «አለመግባባት» የሚለውን ትቼ የሆነውን ጻፍሁ። በሩን ቆለፈ። እጇን ያዘ። በቤቴ፣ በገዛ አፉ አመነልኝ። እርቁን እሷ አልጠየቀችም፤ ከመጠራቷ በፊት ጨርሰነዋል። ወረቀቱን የጻፍሁ እኔ ነኝ፤ ፊርማዬን አንሥቻለሁ። ስጠራ ቀርቤ እመሰክራለሁ።

ፖስታው ውስጥ ልከተው ስል እጄ ቆመ። ይህንንም ሳልጠይቃት ልልከው ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 21፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

በአጥሩ ላይ ተጣራሁ። አባትና ልጅ መጡ። ደብዳቤውን ሰጠኋት፤ እሺ ካላልሽ ይቀደዳል አልኋት። ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «እጇን ያዘ» የሚለው ላይ ቆመች። «ጠመዘዘ ይበሉ፣ ጋሼ፤ አንጓዬ እስካሁን አልዳነም» አለች። እጅጌዋን ሰብስባ አሳየችኝ። እኔ ጭጋግ ነው የማየው፤ አባቷ ግን አዩ። «ስሟስ…» ብለው ጀምረው ነበር፤ አልጨረሱትም። አብሬአት እሄዳለሁ ብለው ኮታቸውን ሊለብሱ ገቡ።

ቃሉን አረምሁ። እንደገና ፈረምሁ። እሑድ ትመጣ እንደሆን መጠየቅ አማረኝ፤ አልጠየቅኋትም። ፖስታውን አሽጌ በእጇ ልኬዋለሁ።