አንደኛ የወጣችው ልጅ እንደገና እንድትጠየቅልኝ

ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ቀን፦ ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ጉዳዩ፦ የእህቴ ልጅ ከፍተኛ ውጤት በማምጣቷ የተከለከለችውን የአማካሪ እርዳታ በአስቸኳይ እንድታገኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

1. እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ሱቅ ቁልፍ የምቀርጽ ሰው ነኝ። አምና የቢሮዎ በር ተቆልፎብዎ በመስኮት ሊገቡ ሲታገሉ የደረስኩልዎ እኔ ነኝ። ይህን የማነሳው እንዲያስታውሱኝ ብቻ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

2. የእህቴ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ናት። እናቷ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል በፈረቃ ስለምትሠራ፣ ልጅቷ ከትምህርት በኋላ እኔ ዘንድ ትውላለች። ይህን የምጽፈውም በእናቷ ፈቃድ ነው።

3. ባለፈው ወር ተማሪዎች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት የሚለካ መጠይቅ ሞልተዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ልጆቹ ስማቸውን ጽፈው፣ መምህርታቸው በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ ሲያዩዋቸው ሞሉት። ከዚያም እንደ ፈተና ታርሞ በደረጃ ተለጠፈ። የኛዋ ከአርባ አርባ አምጥታ አንደኛ ወጣች፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጣት። መጨረሻ የወጣውን ልጅ ጓደኞቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት እዚህ መጻፍ ያሳፍረኛል።

4. እንዴት ሁሉንም አገኘሽው ብላት፣ መልሱ እኮ ይታወቃል አለችኝ። «በራሴ እደሰታለሁ» ከሚለው ፊት «ሁልጊዜ» የሚለውን ማክበብ ነው፤ ቲቸር አጠገብ ቆማ ማን ይሳሳታል? አለች። ልጅቷ መልስ የምታውቅ ጎበዝ ተማሪ ናት። የእውነት የሚሰማትን የጠየቃት ሰው ግን አላገኘሁም።

5. እኔ እንኳ የራሴ መለኪያ አለኝ። እግር ካወጣች ጀምሮ «ቁንጫ» እያልኩ ነው የምጠራት። እሷም ቁንጫ ባትኖር ውሻውን ማን ይቀሰቅሰው ነበር ትለኛለች፤ ውሻው ማን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ደንበኛ ፊት ሳይቀር አዋርዳኝ ታውቃለች፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ እውላለሁ። ባለፈው ሐሙስ ግን እንደ ልማዴ ቁንጫ ብዬ ስጠራት አንገቷን ደፋች። «እውነትህን ነው ጋሼ፤ ብጠፋም ማንም ልብ አይለኝም» አለችኝ።

ሞረዱን አስቀመጥኩ። ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ፤ አልነበረም።

6. በማግስቱ፣ ስቀርጽ አበላሽቼ መጫወቻ እንዲሆኗት የሰጠኋትን ቁልፎች መለሰችልኝ። ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥታ፣ በቆርቆሮ ሣጥን አድርጋ፣ እህቴ እንኳ እንድትነካቸው የማትፈቅድ ልጅ ናት። ለሌላ ልጅ ስጣቸው አለችኝ። ክቡር ሆይ፤ የሚወደውን ነገር ማደል የጀመረ ልጅ ያስፈራኛል። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሱቄ ወጥታ ጥግ እስክትዞር ዓይኔን አልነቅልም፤ እናቷም ከፈረቃ እስክትመለስ ብቻዋን አንተዋትም።

7. ትናንት የትምህርት ቤቱ አማካሪ ዘንድ ሄጄ ነበር። የቢሮዋ ረዳት መዝገቡን አይቶ፣ የሚስተናገዱት ከሃያ በታች ያመጡ ብቻ ናቸው፣ የሷማ ሞልቷል አለኝ። ቀጥሎም «እርስዎ ነዎት እርዳታ የሚያስፈልግዎ» ብሎኝ ሳቀ። አልተቀየምኩትም፤ በሌላ ቀን ቢሆን አብሬው እስቅ ነበር።

8. ስለዚህ የምለምነው፦
ሀ) አማካሪዋ ልጅቷን ዛሬ ነገ ሳይባል፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ እንድታነጋግራት፤
ለ) መጠይቁ ወደፊት መምህር በሌለበት፣ ውጤቱም በማይለጠፍበት ሁኔታ፣ በልጆች ላይ ተሞክሮ አስተማማኝነቱ በታወቀ ወረቀት እንዲደገም፤
ሐ) ግድግዳው ላይ ያለው ዝርዝር እንዲነሳ። ለመጨረሻውም ልጅ ስል ነው።

ውጤቷ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ደረጃዋን ተቀማች ብዬ ለአቤቱታ አልመለስም። የምስክር ወረቀቱንም አሁኑኑ መልሻለሁ። እኔ የምፈልገው እንደ ድሮው በሷ ተሰድቤ መዋልን ብቻ ነው።

ከሰላምታና መደበቅ ካቃተኝ ፍርሃት ጋር፣

(ፊርማ)
የልጅቷ አጎት፣ ቁልፍ ቀራጩ

አባሪ፦ የምስክር ወረቀት፣ አንድ ገጽ። የቁልፎቹን ሣጥን አላያያዝኩም፤ ባለቤቷ መጥታ እስክትወስደው መሳቢያዬ ውስጥ አለ።